ሐዲድ ጠጋኙ ጠርዝ ሲሰፋ

ስለ ሠርቶ አደሩ እንጽፋለን የሚሉ ሁሉ የሚጽፉት ስለ መዶሻው ነው። መዶሻው ከፍ ይላል፣ ክንዱ ይፈረጥማል፣ ከኋላው ፀሐይ ትወጣለች፤ አለቀ። ያው ሠርቶ አደር ጡረታ ወጥቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ በመርፌ ዓይን ክር ለማሳለፍ ምላሱን አውጥቶ ሲታገል የሚሥለው ሰዓሊ ግን እስካሁን አልተወለደም። እኔ የማወጋችሁ ስለዚህኛው ነው። መዶሻውን የፈለገ ወደ ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ አንድ ግድግዳ ላይ ሦስት ተለጥፎለታል።

ሰውየው ጋሽ ጉግሳ ናቸው፤ የግቢ ጎረቤቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ካቦ ነበሩ። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ከኋላቸው አስከትለው፣ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በመልካ ጀብዱ በኩል የሚነጉደውን ሐዲድ በእግራቸው እየተመላለሱ፣ የላላ ቡሎን ሲያጠብቁ፣ የጎበጠ ብረት ሲያቃኑ ኖሩ። አንድያ ልጃቸው የሺአረግ ጥርስ ስታበቅል ሐዲድ ላይ ነበሩ። ስትራመድ ሐዲድ ላይ ነበሩ። ፊደል ስትለይ፣ ኩፍኝ ሲይዛት፣ ስምንተኛ ክፍልን ስታልፍ፣ አሁንም እዚያው ናቸው። በመጨረሻ በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ጡረታ ወጥተው «እንግዲህ ልጄን ልያት» ብለው ቁጭ ከማለታቸው፣ ልጅቷ የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሳ ደብረ ብርሃን ተመደበች። ሁለት ባቡር በአንድ ጣቢያ ሲተላለፍ እንደሚሆነው ነው፤ ፊሽካ ተነፋፉና ተላለፉ።

ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ይህን ቀን አስቀድመው አይተውታል። ልጅቷ ማሠልጠኛ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ የባላቸውን አሮጌ የካኪ ዩኒፎርም እየበለቱ፣ ለብርድ አገር የሚሆን ድርብርብ የአልጋ ልብስ ሲሰፉ ቆይተዋል። ከላይ እርስ በርሱ የተገጣጠመ የካኪ እራፊ፣ መሐሉ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከሥሩ አንሶላ። እራፊውን ስታዩት የሰውየውን ኑሮ ታነቡበታላችሁ። ከጀርባ የተቆረጠው በፀሐይ ነጥቶ አሸዋ መስሏል፤ ከኪስ ክዳን ሥር የወጣው ደግሞ ትናንት ከመጋዘን የተረከቡት ይመስላል።

የቀረው ጠርዙ ብቻ ነበር። ዙሪያውን ሦስቱም ጨርቆች አፋቸውን እንደ ከፈቱ ነው። ይህንን አፍ ለመዝጋት አራት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ጨርቅ ተቆርጦ፣ ለሁለት ታጥፎ፣ ከፊት ተሰፍቶ ወደ ኋላ ተገልብጦ፣ ዙሪያውን መለበድ አለበት። የሁለት ቀን ሥራ። ለእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ።

ታዲያ ነሐሴ አጋማሽ ላይ «ስኳር መጣ» ተባለና፣ በሰልፉ ግፊያ መሐል እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ወድቀው ቀኝ አንጓቸው ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረና «አርባ ቀን መርፌ የለም» ብሎ ሄደ። ልጅቷ የምትሳፈረው በአሥረኛው ቀን ቅዳሜ ነው። ለልብስ ሰፊ እንስጠው እንዳይባል፣ በከተማው ያለ የስፌት መኪና ሁሉ ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ዩኒፎርም ተጠምዷል። አብዮቱ አልባሽ ነው፤ አንዱን ለማልበስ ሌላውን ያስወልቃል እንጂ።

«እኔ እሰፋዋለሁ» አሉ ጋሽ ጉግሳ።

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዘወር ብለው አዩዋቸው። «ምኑን?»

«ጠርዙን ነዋ።»

«አንተ? የሱሪህን ቁልፍ በሽቦ የምታስረው ሰውዬ?»

«ሽቦው ይዟል አልያዘም?»

የሺአረግ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በዚያ በአዲሱ የአስተማሪ ድምፅዋ፣ «አባባ፣ ለምን ትደክማለህ? ደብረ ብርሃን እኮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት አገር ነው። ድሪቶ ተሸክማ የመጣችዋ አስተማሪ ብለው ይስቁብኛል» አለች።

«ፋብሪካው ያንቺን ቁመት ያውቃል?»

«ብርድ ልብስ የሰው ቁመት አያውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲህ ችግሩ እሱ ነው።»

ይህን ብለው ወጡ። እኔ ግቢው በር ላይ አገኘኋቸውና፣ የቀበሌው የውይይት ክበብ አንባቢ እንደ መሆኔ፣ በሠርቶ አደሩ ነፃ ጊዜ አጠቃቀም ላይ አንድ ሁለት ነገር ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ስማ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ በሰላም እንዲገባ ደከምኩ። ለገዛ ልጄ ግን አንዲት ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ይቺን ይዛት ትሄዳለች።»

«ካልያዘችስ?»

 ያልጠበቀ ቡሎን ያገኙ ይመስል መሬት መሬቱን እያዩ ሄዱ።

የሄዱት ወደ ፋዱማ ነው። ፋዱማ የግቢያችን ሦስተኛ ቤት ናት፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። በእሷ አማርኛ የቀበሌው ሊቀመንበርም አንተ ነው፣ ቄሱም አንተ ነው፣ ፍየሏም አንተ ነው።

«አቦ ጉግሳ!» አለች ገና ስታያቸው። «አንተና ጨርቅ ምን አገናኛችሁ? ሁለተኛ ልታገባ ነው?»

«ለጠርዝ የሚሆን አቡጀዲ ስጪኝ።»

«የምን ጠርዝ?»

ነገሯት። ፋዱማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወላሂ ተሰምቶ አያውቅም! በድሬ ሰው አንሶላውን ውሃ ነክሮ ነው የሚተኛው። አንተ በነሐሴ ሦስት ድርብ ትሰፋለህ? ፀሐይ መታችህ?»

«ለደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ውርጭ አለ።»

«ውርጭ ምንድን ነው?»

«ጧት ጧት ሣሩ ላይ የሚቀመጥ በረዶ።»

«አስተግፊሩላህ» አለች ፋዱማ፤ ያለ አንዳች ክርክርም ከጥሬ አቡጀዲዋ ላይ በክንዷ እየሰፈረች ቀደደችላቸው።

ጨርቁ ቤት ሲገባ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በግራ እጃቸው ዳሰሱት። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ እንደ ካርቶን ይንኳኳል። «ይኼ ጥሬ ነው። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ አሳድረውና አድርቀው። መቀስ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰማኸኝ ጉግሳ?»

«እሺ» አሉ ጋሽ ጉግሳ።

ይህችን «እሺ» አደራችሁን አትርሷት። እሳቸው ረስተዋታል።

ድሬዳዋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፤ ፀሐይዋም ብትችል ትዘጋ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፣ ጫቱን ይፈታል፣ አገር ማቅናት ይጀምራል። ግቢያችን ውስጥ ከኒሟ ዛፍ ሥር ሰሌን ተነጥፎ በየቀኑ ስንት ግድብ ተገንብቷል፣ ስንት ፋብሪካ ተተክሏል! አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም እንረሳዋለን። ጋሽ ጉግሳ ግን በዚያች ሰዓት ምርቃናቸውን በሙሉ ወደ መርፌው አዞሩት። በታሪካችን ከምርቃና የተወለደ አንድ ተጨባጭ ነገር ያ ጠርዝ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከኪሴ ሾልኮ የወደቀውን በራሪ ጽሑፌን አነሡት፤ «የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል» የሚለውን። አጥፈው ከጣታቸው ጋር አስተያዩት።

«ስንት ጣት ነች ይቺ?»

«ጋሽ ጉግሳ፣ እሱ እኮ የፍልስፍና ጽሑፍ ነው!»

«አራት ጣት ነች። ልክ ናት።»

በእሷ እየለኩ ጨርቁን ይቀድዱት ጀመር። ያቺን ጽሑፍ ለሰባት ሳምንት ለሠላሳ ሰው አንብቤያታለሁ፤ አንድ ሰው ሲጠቀምባት ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ቅዱ ከተቆረጠ በኋላ ጫፍና ጫፉን ማቀጣጠል መጣ። ጋሽ ጉግሳ ሁለቱን ቅድ ፊት ለፊት አጋጠሙና፣ በመሐላቸው የአንድ ጣት ክፍተት ትተው፣ ከላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ ጭነው፣ በአራቱም ጥግ አንዳንድ ወፍራም ስፌት ጠቀጠቁበት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሐዲድ ነው የሰፉት! ማያያዣ ብረቱ አለ፣ አራቱ ቡሎን አለ፣ ክፍተቱ አለ።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ይቺ ክፍተት ለምንድን ነች?»

«ለሙቀት ነዋ። ብረት በቀትር ይለጠጣል። መተንፈሻ ካልተውክለት እርስ በርሱ ተገፋፍቶ ይጎብጣል፤ ባቡር ይጥላል።»

«ይኼ እኮ ጨርቅ ነው!»

«ድሬ ውስጥ በቀትር የማይለጠጥ ነገር አለ? አንተስ ተለጥጠህ አይደል የተጋደምከው?»

በዚህ መሐል እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከቤት ወጡ፤ አዩ፤ ቀርከሃ የታሰረበትን እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ኧረ በጊዮርጊስ! ምንድን ነው ይኼ ቁስል መሳይ? ፍታው! ጫፉን ቀጥ አድርገህ አይደለም የምትገጥመው፤ በሰያፍ ነው። ቀጥ ካደረግከው ስፌቱ አንድ ቦታ ተከምሮ እንደ ጠጠር ይቆረቁራል። በሰያፍ ሲሆን ውፍረቱ ይበተናል።» ሁለቱን ቅድ መስቀል አስመስለው አነባበሩ፣ ከጥግ እስከ ጥግ በጥፍራቸው መሥመር አሳዩ። «በዚህ ሰፍተህ ትርፉን ቆርጠህ ትጥላለህ።»

ጋሽ ጉግሳ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ፊታቸውም በራ። «ባቡር መንገድ ሲቀይር ሐዲዱ እየሾለ ከሐዲዱ ጋር እንደሚገጥመው ነዋ! እንደዚያ አትይኝም?»

«ሠላሳ ዓመት ስሰፋ አይተህ ዛሬ ነው የገባህ?»

«ሐዲድ ነው አላልሽኝማ።»

በሰያፍ ማቀጣጠሉን ተቀበሉ። ስለ መተንፈሻው ግን አፋቸው እሺ አለ እንጂ ልባቸው አልተረታም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያመኑበትን ነገር በአንድ ከሰዓት የሚተው ሰው የለም፤ እንዲያ ቢሆንማ ኖሮ የእኔ ክበብ ይሞላ ነበር። ጠርዙን ዙሪያውን ሲሰፉ፣ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዞር ባሉ ቁጥር፣ በየስንዝሩ የግማሽ ጣት ትርፍ እየገፉ አስገቡበት። በድብቅ። ለትንፋሽ።

ማክሰኞ ዕለት የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ደረሱ። ቆሙ፤ ሲጃራ አቀጣጠሉ። ማዕዘኑን ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት፤ ከዚያ መቀሱን አንሥተው ያንን የመሰለ ቀጥ ያለ ማዕዘን፣ ካኪውን ከነብርድ ልብሱ ከነአንሶላው፣ ዙር አድርገው ቆረጡት።

የእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ጩኸት ቀፊራ ድረስ ተሰማ። «ምን አደረግክ?! ምን ልሁን ብለህ ነው?»

«በዘጠና ዲግሪ የሚታጠፍ ሐዲድ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ ጋሽ ጉግሳ፤ ግን ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ፍርሃት ነበር።

«ይኼ ሐዲድ ነው?! በዚህ ላይ ባቡር ሊሄድበት ነው?»

የሺአረግ ሮጣ መጣች፣ አየች፣ ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች። የበሩ ድምፅ ከእናትዋ ጩኸት ይልቅ ጎዳቸው። መቀሱን አስቀመጡት።

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስም ይህን አዩ መሰል፣ ከጎናቸው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል፣ የሆነው ሆኗል። ለክቡ በሰያፍ የተቀደደ ጨርቅ ቁረጥለት፤ በሰያፍ የተቀደደ ይለመጣል፣ ቀጥ ብሎ የተቀደደው ግን ይጨማደዳል። ለሦስቱ ደግሞ አጥፌ አሳይሃለሁ። ማዕዘኑ ጋ ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀርህ አቁም። ጨርቁን ወደ ላይ እጠፈው። አሁን መልሰህ ወደ ታች። አየህ? መሐሉ ላይ ሰያፍ እጥፋት ወጣ። ከዚህ ጀምር።»

ጋሽ ጉግሳ አጠፉ፤ ተበላሸ። ፈቱ፤ አጠፉ፤ ተበላሸ። በስድስተኛው ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ኤንቨሎፕ ጥግ ጥርት ብሎ ወጣ። ቀና ብለው ግቢውን በሙሉ ቃኙ። ፋዱማ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ጠሯትና አሳዩዋት።

«ማሻአላህ» አለች ፋዱማ። «አሁን የቀረህ መውለድ ነው።»

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። ጠፍር አልጋ ወደ ግቢው ወጣ፣ ልብሱ ተዘረጋበት። ሁላችንም ከበን ቆምን፤ ጋሽ ጉግሳ ሸሚዛቸውን ቀይረው መጡ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ስፌቱ መጥፎ አልነበረም። ማዕዘኖቹም፣ ክቡን ሳንቆጥር፣ ደህና ነበሩ። ጠርዙ ግን ዙሪያውን ይንሳፈፍ ነበር። ያ ሁሉ የተደበቀ የግማሽ ጣት ትርፍ አንድ ላይ ወጥቶ፣ እየተጥመለመለ፣ የጎመን ቅጠል ሆኖ ተቀመጠ።

«ለምንድን ነው የሚንዘፈዘፈው?» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ። «ጉግሳ! ትርፍ አስገብተሃል?»

«መተንፈሻ ነው» አሉ፣ ድምፃቸው እየሳሳ።

ፋዱማ ሻርፕዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እኔማ ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ በእጄ ሻይ በወተት ይዤ፣ «ጓዶች፣ ይህ ብርድ ልብስ አይደለም፣ የአረንጓዴው ዘመቻ ውጤት ነው!» ብዬ፣ በራሴ ቀልድ እየተንፈራፈርኩ ስስቅ፣ ብርጭቆዬ ተዘቅዝቆ ሻዩ በሙሉ ካኪው ላይ ፈሰሰ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

የሺአረግ ወደ አባቷ ቀረብ ብላ ክንዳቸውን ያዘች። «አባባ፣ ግድ የለም። እዚሁ ለእናንተ ይቀመጥ። እኔ እዚያ እገዛለሁ።»

ክፉ ብትናገር ይሻል ነበር። ጋሽ ጉግሳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ኪሳቸው ከተቱ። «ይሁን ልጄ» አሉና በግቢው በር ወጥተው ወደ ባቡር ሐዲዱ አቅጣጫ ሄዱ። ሌላ የት ይሄዳሉ?

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ወረቀት በሊታ! ተነሥና እጠብ!»

«እኔ?»

«ሻዩን የደፋው ማነው? ወይስ ይኼም የኢምፔሪያሊዝም ሥራ ነው?»

ፋዱማ ገንዳ አመጣች፣ ሳሙና አመጣች፣ በርጩማ ስባም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ተመለከተችኝ። ስለ ጉልበት ሥራ ክቡርነት ሁለት ዓመት ሰብኬያለሁ፤ ርጥብ ካኪ በሦስት ድርብ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አንድም ጽሑፍ ውስጥ አልነበረም። «እሸው አቦ!» ትላለች ፋዱማ። «ጠርዙንም እሸው! ጉልበት አለህ አይደል፣ ሠርቶ አደር?» አሸሁት፣ አለቀለቅሁት፣ ከፋዱማ ጋር ጠምዝዘን ሽቦ ላይ ሰቀልነው። የድሬ ፀሐይ የቀረውን ተረከበችን።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የሺአረግ የራሷን ልብስ ከሽቦው ልታነሣ ወጣች። ቆመች። ያንን ልብስ በእጇ ያዝ አደረገችው፣ ለቀቀችው፣ እንደገና ያዘችው።

«እማዬ! ነይማ እዪ! ማነው የቀየረው?»

ወጣን። ጠርዙ ቀጥ ብሏል። ጎመኑ የለም። ዙሪያውን ሸራ ጫማ ላይ እንዳለ ጎማ ጥብቅ፣ ልስልስ ብሎ ተኝቷል። ክቡ ማዕዘን እንኳ አንዲት ጭምዳድ የለበትም።

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በግራ አውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አብረኸው ነበርክ። ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ነክሮታል?»

አሰብኩ። «በእኔ ፊት ውሃ አልነካም።»

መሳቅ ጀመሩ። የታሰረውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ ደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጥሬ አቡጀዲ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ለዚህ ነው ይነከር ያሉት። አጥብቀው ቢሰፉት ኖሮ፣ ሲታጠብ ልብሱን በሙሉ ጎትቶ ጎድጓዳ ሳህን ባደረገው ነበር። ሰውየው ግን ያልነከሩትን ጨርቅ አላልተው ሰፍተውታል። ትርፉና መሰብሰቡ ተገናኙ፤ ተጣፉ። አንዱ ጥፋት ሌላውን በላው። ለሰባት ሳምንት ላስረዳው ያልቻልኩት የተቃራኒዎች አንድነት ሽቦ ላይ ተሰጥቶ በነፋስ ይወዛወዝ ነበር።

የሺአረግ ግን ጠርዙን ትታ መሐሉን ታይ ነበር። አንዲት እራፊ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ አለባት። «ይቺን አውቃታለሁ» አለች። «ቀለም የደፋሁበት ሸሚዝ ነው። ሦስተኛ ክፍል እያለሁ።»

«እንዴት አጥቤው እንደ ነበር!» አሉ እናትዋ። «አልለቅ አለ። አባትሽን ጣለው ስለው፣ የልጄ ፊርማ ነው ብሎ ሦስት ዓመት ሐዲድ ለሐዲድ ለብሶት ዞረ።»

ልጅቷ ልብሱን ከሽቦው አውርዳ በሥርዓት አጠፈችው፤ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት።

ጋሽ ጉግሳ ሊመሽ ሲል ጫማቸው አቧራ ለብሶ ተመለሱ። መልካ ጀብዱ ሊደርሱ ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ጠብቀው ያዟቸው።

«አንድ ጥያቄ። አቡጀዲውን ነክረኸው ነበር?»

ጋሽ ጉግሳ ወደ ምድር አዩ። «ረሳሁት።»

«ሁለት ጥፋት አጥፍተህ አንድ ልክ ነገር ሠራህ! ግባና እየው።»

ገቡ፤ የተጣጠፈውን ከፈቱት፤ በአውራ ጣታቸው ዞሩት። ጠርዙን ሳይሆን የላላ ቡሎን የሚፈትሹ ይመስሉ ነበር። ሲጨርሱ ትከሻቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። «ስሌት ነው» አሉ።

«ስሌት?! ረሳሁት አላልክም አሁን?»

«መርሳቱ ራሱ ስሌት ውስጥ ነበረ።»

የሺአረግ ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ፤ የአስተማሪ ያልሆነ። «ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ፣ አባባ።»

ቅዳሜ ጧት ሁላችንም ጣቢያ ሄድን። ጋሽ ጉግሳ ገና አላመኑም ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ ነገር ተይዞ ሄደ አይባልም። ዓይናቸው ከሻንጣው አልተነቀለም። ሻንጣው ግን አልዘጋ ብሎ ነበርና፣ ልጅቷ ልብሱን በክንዷ አቅፋ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል፣ በዚያ ሙቀት፣ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈረች። በመስኮቱ አጠገብ የእንጨቱ ወንበር ላይ አነጠፈችው። ከጎኗ የተቀመጠች ባለ ሻሽ ሴትዮ ጠርዙን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና፣ እኛ በመስኮቱ ሥር ቆመን እየሰማን፣ «ስፌቱ እንዴት ያምራል! ማን ሠራልሽ?» አለቻት።

የሺአረግ ወደ ውጭ እያየች፣ ጮክ ብላ፣ «አባቴ» አለች።

«አባትሽ ልብስ ሰፊ ናቸው?»

«አይደሉም። የሐዲድ ካቦ ናቸው።»

ሴትዮዋ ልብሱን አየች፣ ከዚያ ወደ ታች ሐዲዱን አየች፣ አልተዋጠላትም። ባቡሩ ጮኸ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ ፋዱማም «ውርጩን አደራሽን!» እያለች ስትሮጥ፣ ጋሽ ጉግሳ ጎንበስ ብለው መንኮራኩሩ መጋጠሚያው ላይ ኳ፣ ኳ ሲል ያዳምጡ ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ቀና አሉ። ፊታቸው ወርዝቷል፤ በሙቀቱ ይሁን በሌላ አልጠየቅኋቸውም።

«ትንፋሽ አለው» አሉ።

በጥቅምት የየሺአረግ ደብዳቤ መጣ፤ ጋሽ ጉግሳ ማንበቢያ መነጽራቸውን የረሱ መስለው እኔን አስነበቡኝ። «ብርዱ ያስለቅሳል፤ አስተማሪዎቹ ስቀው ነበር፣ አሁን ሁለቱ ይሠራልን እያሉ ነው፤ ክቡን ማዕዘን አገጬ ሥር አደርገዋለሁ፣ ሦስቱ ሹል ናቸው ይወጉኛል።» ይህችን የመጨረሻዋን አራት ጊዜ አስደገሙኝ። በአምስተኛው እምቢ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በቀበሌያችን ሁለት መሥመር ተፈጠረ። የሴቶች ማኅበር የእጅ ሥራ አውደ ርእይ አዘጋጅቶ ጋሽ ጉግሳን ስለ ጠርዝ አሰፋፍ እንዲያስረዱ ጋበዘ፤ እሳቸውም ተነሥተው «ጨርቁን አትንከሩ፣ አላልታችሁ ስፉ» ብለው አወጁ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ከመቀመጫቸው «ንከሩ፣ አጥብቃችሁ ስፉ!» ብለው መለሱ። ግማሹ ሴት ወደ እሳቸው፣ ግማሹ ወደ ባላቸው ሄደ። ሞስኮና ፔኪንግ ከዚህ በላይ አልተጣሉም። ልዩነቱ እነዚህ ማታ በአንድ ገበታ መብላታቸው ነው።

እኔ፣ የተማርኩ ነኝና፣ ሁለቱን መሥመር ላስታርቅ ብዬ ከፋዱማ አቡጀዲ ወስጄ ለራሴ ጀመርኩ። ከእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ መንከሩን፣ ከጋሽ ጉግሳ ማላላቱን ወሰድኩ። ጎመኑ አልጋዬ ላይ ነው፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ።